ነርስ ላይ እጅ ማንሳት ስንት ያሳስራል? በእንግሊዝ ለድንገተኛ አገልግሎት ሠራተኞች የወጣው ሕግ ሲብራራ

አንድ ሰው በለንደን ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ተራ መጠበቅ አንገሽግሾት ነርሷ ፊት ላይ ተፋ እንበል። ነርሷ አልቆሰለችም፣ አልደማችም። ፊቷን ታጥባ ወደ ቀጣዩ ታካሚ ትሄዳለች። እስከ 2018 መገባደጃ ድረስ ይህ ድርጊት በሕግ ፊት፣ መንገድ ላይ ከተጣሉ ሁለት ሰዎች አንዱ ሌላውን በጥፊ ከማለቱ ተለይቶ አይታይም ነበር። ሁለቱም ቢበዛ ስድስት ወር ያሳስሩ ነበር። ዛሬ ነርሷ ላይ የተፋው ሰው እስከ ሁለት ዓመት ሊታሰር ይችላል፤ መንገድ ላይ በጥፊ የመታው ግን እዚያው ስድስት ወሩ ላይ ነው።

ስለዚህ ሕግ ሲወራ ሁለት ስህተት ደጋግሞ ይሰማል። አንዱ «ሠራተኛ የነካ ሁለት ዓመት ይገባል» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ ዩኒፎርም የለበሰ ሁሉ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩም የፓርኪንግ ተቆጣጣሪውም፣ በዚህ ሕግ የተጠበቀ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ሁለቱም ልክ አይደሉም፤ በተለይ ሁለተኛው በእንግሊዝ አገር በእነዚህ ሥራዎች የተሰማሩ ብዙ ወገኖቻችንን በቀጥታ የሚነካ ነው።

(የኢትዮጵያን ሕግ ከሚመለከተው ክፍል በስተቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «እንግሊዝ» የሚለውም ኢንግላንድንና ዌልስን ለማለት ነው፤ ስኮትላንድ የራሷ ሕግ አላት።)

ቀድሞስ ነርስ መምታት ወንጀል አልነበረም ወይ?

ነበር። የእንግሊዝ ሕግ በሰው አካል ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በጉዳቱ መጠን ደረጃ በደረጃ ይከፍለዋል። ከታች ያለው «ቀላል ጥቃት» ነው፦ መግፋት፣ በጥፊ መምታት፣ መትፋት፣ እንዲሁም ሳይነኩ ቡጢ ጨብጦ «አሁን ሊመታኝ ነው» ብሎ እንዲፈራ ማድረግ። የዚህ ጣሪያ ስድስት ወር ነው። ጥቃቱ የአካል ጉዳት ካስከተለ፣ ለምሳሌ አፍንጫ ከተሰበረ፣ ጣሪያው አምስት ዓመት ይሆናል። ሆን ብሎ ከባድ ጉዳት ማድረስ ደግሞ እስከ ዕድሜ ልክ ያስቀጣል። እነዚህ የላይኞቹ ደረጃዎች በ1861 ከወጣ ሕግ የመጡ ናቸው፤ ነርስም ሆነች ነጋዴ፣ ለማንም ሰው ጥበቃ ይሰጣሉ።

ችግሩ የነበረው ታችኛው ደረጃ ላይ ነው። ሆስፒታልና አምቡላንስ ውስጥ በብዛት የሚደርሰው ጥቃት አጥንት የሚሰብር ሳይሆን ምልክት የማይተው ነው፤ ምራቅ፣ ጥፊ፣ ግፊያ፣ ፀጉር መጎተት። ለፖሊስ እንኳ ሥራ ላይ ሳለ የሚደርስበትን ጥቃት የሚመለከት ለብቻው የተጻፈ ድንጋጌ በ1996ቱ የፖሊስ ሕግ ውስጥ ቢኖርም፣ የእሱም ጣሪያ ስድስት ወር ነበር። የወንጀሉ ስም ተለየ እንጂ ቅጣቱ አልተለየም ማለት ነው።

ታዲያ አዲሱ ሕግ ከየት መጣ?

መነሻው አንዲት የፓርላማ አባል በዓይኗ ያየችው ነገር ነው። የሃሊፋክስ ተወካይ የነበረችው ሆሊ ሊንች በ2016 በምርጫ ክልሏ ከፖሊሶች ጋር ለቅኝት ወጣች። አብራው የነበረችው ፖሊስ ብቻውን አንድ መኪና አስቁሞ ሳለ በተቆጡ ሰዎች ተከበበ። ሁኔታው ስላስፈራት እሷው ራሷ 999 ደውላ እርዳታ ጠራችለት። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ወደ ፓርላማ ይዛው ሄደች።

የእሷ ረቂቅ ሕግ ሆኖ አልወጣም። በ2017 ግን የሮንዳው ተወካይ ክሪስ ብራያንት የግል ረቂቅ የማቅረብ ዕጣ ደረሰው። በእንግሊዝ ፓርላማ ረቂቅ ሕግ የሚያቀርበው አብዛኛውን ጊዜ መንግሥት ነው፤ ሆኖም ዕጣ የወጣላቸው ተወካዮች የራሳቸውን ሐሳብ ይዘው የሚቀርቡበት መንገድ አለ። ብራያንት አማራጮችን ዘርዝሮ ሰዉን አስመረጠ፤ የተመረጠውም ይኸው የድንገተኛ አገልግሎት ሠራተኞች ጉዳይ ሆነ። የተቃዋሚ ፓርቲ አባል ቢሆንም መንግሥት ደገፈው። ሕጉ በሴፕቴምበር 2018 ጸድቆ ከኖቬምበር 13 ቀን 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ያኔ ጣሪያው 12 ወር ነበር።

ከዚያ ኮሮና መጣ። በ2020 የጸደይ ወራት ፖሊስና የጤና ሠራተኞች ላይ «ኮሮና አለብኝ» እያሉ የሚያስሉና የሚተፉ ሰዎች በዛ ያለ ክስ ቀረበባቸው፤ የተከሰሱትም በዚሁ ሕግ ነበር። መንግሥት በዚያው ዓመት ጣሪያውን በእጥፍ ለማሳደግ ሕዝብ ማማከር ጀመረ፤ በ2022 በወጣ ሌላ ሰፊ ሕግም ሁለት ዓመት ተደረገ። ሁለት ዓመቱ የሚሠራው ከጁን 28 ቀን 2022 ወዲህ ለተፈጸሙ ድርጊቶች ነው።

«የድንገተኛ አገልግሎት ሠራተኛ» የሚባለው ማን ነው?

ሕጉ ውስጥ ዝርዝር አለ። ፖሊስ፣ የእስር ቤት ጠባቂ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ የፍለጋና ነፍስ አድን ሠራተኛ ተጠቅሰዋል። ሰፊው ምድብ ግን የጤናው ነው፤ የብሔራዊ ጤና አገልግሎቱን፣ ማለትም የኤንኤችኤስን፣ ሕክምና የሚሰጡ ወይም ሕክምናው እንዲሰጥ የሚያግዙ፣ በሥራቸውም ከታካሚ ወይም ከሕዝብ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኙ ሁሉ ይገቡበታል።

ይህ የመጨረሻው ሐረግ ብዙ ሰው አስገብቷል። ሐኪምና ነርስ ብቻ ሳይሆን በሽተኛ በአልጋ የሚገፋው፣ እንግዳ መቀበያ ላይ የምትቀመጠው፣ የሆስፒታሉ በር ጥበቃም ተጠብቀዋል። ደመወዝ ተከፋይ መሆን ግድ አይደለም፤ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግልም ይካተታል። የሥራ ሰዓት ላይ መሆንም ግድ አይደለም። ፈረቃዋን ጨርሳ ወደ ቤቷ የምትሄድ ነርስ ባቡር ውስጥ ራሱን የሳተ ሰው ስትረዳ ብትመታ፣ ያን ሰዓት ነርስነቷን እየሠራች ስለሆነ ሕጉ አብሯት ነው። እዚያው ባቡር ውስጥ ስለ መቀመጫ ተጣልታ ብትመታ ግን እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ናት። ጥበቃው የተሰጠው ለሥራው ነው።

ከዝርዝሩ ውጭ የቀሩትስ?

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ ይደነግጣል። መምህር የለም። የሶሻል ወርከር የለም። የአውቶቡስ ሹፌር፣ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ፣ የፓርኪንግ ተቆጣጣሪ፣ የሱቅ ሠራተኛ የለም። አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞረች የምታጥብና የምታለብስ ተንከባካቢም፣ የምትሰጠው አገልግሎት የኤንኤችኤስ ሕክምና ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ ዝርዝር የለችም። ሕጉ ሲወጣ ይህ ቅር ያሰኛቸው ብዙዎች ነበሩ፤ እኔም ቅሬታቸው ተገቢ ይመስለኛል። ከአንዲት አዛውንት ጋር ክፍል ውስጥ ብቻዋን የምትውል ተንከባካቢ፣ ሲብስ የምትጠራው ዘበኛ እንኳ የላትም።

ይሁንና ያለ ምንም ጥበቃ አልቀሩም። ያው የ2022ቱ ሕግ ለእነሱ ሌላ መንገድ ከፍቷል። ጥቃት የተፈጸመበት ሰው ለሕዝብ አገልግሎት እየሰጠ ከነበረ፣ ዳኛው ይህንን እንደ ቅጣት ማክበጃ የመያዝ ግዴታ አለበት፤ በችሎትም በግልጽ መናገር አለበት። የሱቅ ሻጭም የአውቶቡስ ሹፌርም በዚህ ውስጥ ይገባሉ።

በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት እንዲህ ነው። ነርሷን የመታ ሰው የሚከሰስበት ወንጀል ራሱ ሌላ ነው፤ ጣሪያውም ሁለት ዓመት ነው። የአውቶቡስ ሹፌሩን የመታው የሚከሰሰው በተራ ቀላል ጥቃት ነው፤ ዳኛው ሊያከብድበት የሚችለው በስድስት ወሩ ውስጥ ብቻ ነው። ስኮትላንድ በዚህ ቀድማለች፤ ለድንገተኛ አገልግሎት ሠራተኞች በ2005፣ ለሱቅ ሠራተኞች ደግሞ በ2021 ለየብቻ ሕግ አውጥታለች። ኢንግላንድና ዌልስ የሱቅ ሠራተኞችን ለብቻ የሚጠብቅ ረቂቅ ለፓርላማ ያቀረቡት በ2025 ነው።

ሁለት ዓመት ማለት ሁለት ዓመት መታሰር ነው?

አይደለም። ሕጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ጣሪያ ነው፤ የቤት ጣሪያ ከፍ ስለተደረገ ደግሞ ውስጡ የሚኖረው ሰው ቁመት አይጨምርም። የሁለት ዓመቱ ፍርድ የተቀመጠው ለከፋው ጥቃትና ለለመደበት አጥቂ ነው።

ወደ ነርሷ እንመለስ። ፖሊስ መጥቶ ሰውየውን ይይዛል፤ የነርሷንና የምስክሮችን ቃል ይቀበላል፤ የካሜራ ቅጂ ይሰበስባል። ጉዳዩ መጀመሪያ ማጂስትሬት ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ከበድ ካለ ወደ ከፍተኛው ክራውን ኮርት ሊሻገር ይችላል። ዳኛው ከጁላይ 2021 ጀምሮ የሚሠራበት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አለው። በመመሪያው መሠረት መጀመሪያ የተመታችው ነርስ መሆኗን ወደ ጎን ትቶ ድርጊቱን ይመዝናል፦ ሆን ተብሎ ነው? ደጋግሞ ነው? ምን ያህል አሳመማት፣ ምን ያህል አስፈራት? ከዚያ በኋላ የነርስነቷን ጨምሮ ቅጣቱን ከፍ ያደርጋል። መትፋትና ማሳል ጥቃቱን ከሚያከፉ ነገሮች ተርታ ነው። ሰውየው ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ጥፋቱን ካመነ እስከ አንድ ሦስተኛ ይቀነስለታል።

ሲጠቃለል የሚወጣው ፍርድ የገንዘብ መቀጮ፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት፣ በገደብ የሚታለፍ እስራት ወይም እስር ቤት ሊሆን ይችላል። ከዚህ በፊት ወንጀል የሌለበት ሰው አንድ ጊዜ ገፍቶ በሁለት ዓመት ይታሰራል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ከቁጥሩ ይልቅ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ሌላ ነገር ነው፤ ዜናው ግን ብዙም አያነሳውም። ተራ ቀላል ጥቃት በማጂስትሬት ፍርድ ቤት ብቻ የሚታይ ስለሆነ ክሱ በስድስት ወር ውስጥ ካልተመሠረተ ያበቃለታል። በድንገተኛ አገልግሎት ሠራተኛ ላይ የሚፈጸመው ግን በክራውን ኮርትም ሊታይ የሚችል ስለሆነ ይህ የጊዜ ገደብ አይይዘውም። ተጠርጣሪው ለወራት ቢሰወር ወይም የካሜራው ቅጂ ዘግይቶ ቢገኝ ነርሷ መብቷ አያልፍባትም።

ሠራተኛው ቢሞትስ?

ኦገስት 15 ቀን 2019 ምሽት በበርክሻየር፣ የቴምዝ ቫሊ ፖሊስ ባልደረባ የሆነው የ28 ዓመቱ አንድሩ ሃርፐር ባለ አራት ጎማ ሞተር የሰረቁ ወጣቶችን ለመያዝ ወጣ። ካገባ አራት ሳምንቱ ነበር። የሚሸሸው መኪና ከኋላው ሲጎትተው የነበረው ገመድ እግሩን ጠለፈው፤ ከአንድ ማይል በላይ ተጎትቶ ሞተ።

ሦስቱ ወጣቶች ሆን ብሎ ከመግደል ክስ ነጻ ወጡ፤ ጥፋተኛ የተባሉት ለመግደል ሳያስቡ በሕገ ወጥ ድርጊታቸው ሰው እንዲሞት በማድረግ ነው። አንዱ 16፣ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 13 ዓመት ተፈረደባቸው። ባለቤቱ ሊሲ ሃርፐር ይህ አይበቃም ብላ ዘመቻ ጀመረች። የዘመቻዋ ውጤት «የሃርፐር ሕግ» ተብሎ የሚጠራው የ2022ቱ ድንጋጌ ነው፦ ሥራ ላይ ያለን የድንገተኛ አገልግሎት ሠራተኛ ወንጀል ሲፈጽም ሳያስብም ቢሆን የገደለ፣ 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው፣ ፍርዱ ዕድሜ ልክ ነው። ዳኛው ከዚህ የሚወጣው እጅግ ልዩ የሆነ ምክንያት ካገኘ ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ባየናቸው ሁሉ ዳኛው ከጣሪያው በታች ነጻነት ነበረው፤ እዚህ ግን እጁ ታስሯል።

የመታው ሰው ራሱ ታማሚ ከሆነስ?

ይህ የሕጉ ከባዱ ጥያቄ ነው። የመርሳት በሽታ ያለባቸው አዛውንት ገላቸውን የምታጥባቸውን ነርስ ሌባ መስላቸው ይመታሉ። ከማደንዘዣ የሚነቃ ታካሚ እጁን ያወራጫል። ሕጉ የሚቀጣው አስቦ ወይም የሚሆነውን እያወቀ በግዴለሽነት ያደረገን ነው፤ የሚያደርገውን የማያውቅ ሰው ወንጀል አልፈጸመም። ከዚህም ሌላ ዐቃቤ ሕግ ክስ ከመመሥረቱ በፊት ማስረጃው መብቃቱን ብቻ ሳይሆን ክሱ ለሕዝብ የሚጠቅም መሆኑንም ይመዝናል።

አስቸጋሪዎቹ በመካከል ያሉት ናቸው። በአእምሮ ሕመም ምክንያት ያለ ፈቃዱ ሆስፒታል የተያዘ ሰው፣ በከፊል የሚያደርገውን እያወቀ፣ በከፊል በሕመሙ እየተገፋ ይመታል። እንዲህ ያለውን ሰው ከሶ ማሳሰር ነርሷንም ታማሚውንም አይጠቅምም የሚሉ አሉ። ሕመምተኛ ስለሆነ ብቻ ማለፍ ደግሞ ነርሷን «መመታት የሥራሽ አካል ነው» ማለት ነው የሚሉም አሉ። ሕጉ ይህን በአንድ መስመር አልቆረጠውም፤ ለፖሊስ፣ ለዐቃቤ ሕግና ለዳኛ ሚዛን ተትቷል።

ጥቃቱ ቀነሰ ወይ?

የኤንኤችኤስ ሠራተኞች በየዓመቱ የሚሞሉት መጠይቅ አለ። ከሚጠየቁት አንዱ «ባለፉት 12 ወራት ከታካሚ፣ ከቤተሰብ ወይም ከሌላ ሰው አካላዊ ጥቃት ደርሶብሃል ወይ» የሚል ነው። አዎ የሚሉት ከሕጉ መውጣት ወዲህም ከ100 ሰው 14 ወይም 15 አካባቢ ናቸው። ጣሪያው ሁለት ጊዜ ከፍ ብሏል፤ ቁጥሩ ግን እምብዛም አልተነቃነቀም።

ይህ አያስገርምም። የወንጀል አጥኚዎች ደጋግመው ያገኙት ነገር ሰውን ከጥፋት የሚመልሰው ከቅጣቱ ክብደት ይልቅ መያዙን እርግጠኛ መሆኑ ነው። ሌሊት በድንገተኛ ክፍል ሰክሮ ወይም ተደናግጦ እጁን የሚያነሳ ሰው ሕጉ ስድስት ወር ይሁን ሁለት ዓመት አያስብም። ብዙ ሠራተኞችም ጥቃቱን አያመለክቱም፤ አንዳንዷ ጊዜ የላትም፣ አንዷ ታዝንለታለች፣ ሌላዋ ቀድሞ አመልክታ ምንም ሲደረግ አላየችም። በዚህ ሕግ ፍርድ ቤት የሚቀርበው አብዛኛው ጉዳይ ፖሊስ ላይ የተፈጸመ ጥቃት የሆነውም በዚህ ነው፤ ፖሊስ አጥቂውን እዚያው የሚይዝ፣ ደረቱ ላይ ካሜራ የሰቀለ፣ መዝገብ መክፈት ሥራው የሆነ ሰው ነው።

ሕጉ ግን ከንቱ ነው አልልም። የተመታችው ነርስ አለቃዋ ዘንድ ሄዳ «ይህ ወንጀል ነው፣ ለእኔ ተብሎ የተጻፈ ሕግ አለ» ማለት መቻሏ ራሱን የቻለ ነገር ነው።

የኢትዮጵያ ሕግስ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። በአንቀጽ 84(1)(ሠ) መሠረት፣ ልዩ ጥበቃ የሚገባውን ሰው ሆን ብሎ ማጥቃት ቅጣት ያከብዳል፤ ከተጠቀሱት መካከል ሥራውን በማከናወን ላይ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ይገኝበታል። የመንግሥት ሠራተኛን ሥራውን እንዳይሠራ በኃይል የሚቃወምን ለብቻ የሚቀጣ ድንጋጌም አለ።

ማክበጃው የሚሠራበት መንገድ ከእንግሊዙ ሁለተኛ መንገድ ጋር ይመሳሰላል፤ ጣሪያው ከፍ አይልም፣ ዳኛው ግን ወደ ጣሪያው ይጠጋል። ለምሳሌ በአንቀጽ 556 ቀላል የአካል ጉዳት እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ያስቀጣል። የተመታው የጤና ጣቢያ ነርስ ከሆነ ፍርዱ በዚያው ክልል ውስጥ ይከብዳል። የግል ክሊኒክ ነርስ ግን የመንግሥት ሠራተኛ አይደለችም፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ማክበጃውን ማግኘቷ አጠራጣሪ ነው።

የእንግሊዝ ዜግነት የሌለው ሰው ቢፈረድበት?

በ2007 በወጣ ሕግ መሠረት 12 ወርና ከዚያ በላይ እስራት የተፈረደበት የውጭ ዜጋ ከአገር የማስወጣት ሂደት ይጀመርበታል፤ ከሂደቱ የሚያወጡት ጥቂት ምክንያቶች ናቸው። ተራ ቀላል ጥቃት በስድስት ወር ጣሪያው እዚህ መስመር ላይ መድረስ አይችልም። የድንገተኛ አገልግሎት ሠራተኛ ላይ የተፈጸመው ግን አሁን ሊደርስ ይችላል። ከዚያ በታች የሆነ ፍርድም ቢሆን ዜግነት ሲጠየቅ ይታያል። ስለዚህ በዚህ ሕግ የተከሰሰ የስደተኛ ወይም የነዋሪነት ፈቃድ ያለው ሰው፣ «ቀላል ነገር ነው» ብሎ ጥፋቱን ከማመኑ በፊት የወንጀሉንም የኢሚግሬሽኑንም የሚያውቅ ጠበቃ ማማከር አለበት።

ጥቃት ቢደርስብኝ ምን ላድርግ?

አደጋው ካላለፈ 999፣ ካለፈ 101 ደውሎ ለፖሊስ ማመልከት። ለአለቃ መንገር ለፖሊስ መንገርን አይተካም፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ይቀራሉ። የለንደን አውቶቡሶች ላይ ምራቅ የሚሰበሰብበት መሣሪያ አለ፤ ከምራቁ የሚወጣው ዲኤንኤ አጥቂውን ለማግኘት ስለሚረዳ ሹፌሩ የተተፋበትን ናሙና ሳይወሰድ ማጽዳት የለበትም። ምልክት ካለ በዚያው ቀን ፎቶ ማንሳት፣ ያዩ ሰዎችን ስም መያዝ፣ የካሜራ ቅጂው ሳይሰረዝ እንዲቀመጥ አሠሪን በጽሑፍ መጠየቅ ይጠቅማል። ፖሊስ ቃል ሲቀበል «ድርጊቱ ምን አስከተለብሽ» ለሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ማጣትንም፣ ወደዚያ ክፍል ለመመለስ መፍራትንም መናገር ይገባል፤ ዳኛው የሚመዝነው ይህንንም ነው። አስተርጓሚ መጠየቅም መብት ነው።

የአውቶቡስ ሹፌር፣ የፓርኪንግ ተቆጣጣሪ፣ የሱቅ ሠራተኛ ወይም የቤት ለቤት ተንከባካቢ ከሆኑ ደግሞ የስድስት ወሩ ገደብ እርስዎን ይመለከታል። ገደቡ ያመለከቱበት ቀን ሳይሆን ክሱ የሚመሠረትበት ነው፤ በአምስተኛው ወር ሄደው ቢያመለክቱ ፖሊስ መርምሮ፣ ዐቃቤ ሕግ ወስኖ ለመክሰስ የሚቀረው ጊዜ አይበቃም።